ዓለም መጀመሪያ ካለው ጀማሪ አለው?

ጥያቄው አጭር ነው፦ ቢግ ባንግ፣ ማለትም ዩኒቨርስ እጅግ ከጋለና ከታመቀ ሁኔታ ተነስቶ ሰፋ የሚለው ንድፈ ሐሳብ፣ ለእግዚአብሔር መኖር ማስረጃ ይሆናል? ይሆናል የሚሉት ፊዚክስ ሲያስተምሩ የኖሩ እናት ናቸው። አይሆንም የሚለው በአማኝ ቤት አድጎ ዛሬ የማያምን የሶፍትዌር ባለሙያ ነው። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መምህርቷ፦ ተማሪዎቼ ቤተ ክርስቲያን የሰሙትና ክፍል ውስጥ የሚሰሙት የሚጣላ ይመስላቸዋል። እኔ ታሪኩን ነው የምነግራቸው። ከመቶ ዓመት በፊት ብዙ የሳይንስ ሰዎች ዩኒቨርስ መጀመሪያ የለውም፣ እንዲሁ የነበረ ነው ይሉ ነበር። አይንስታይን በ1917 እኩልታዎቹ ዩኒቨርስ ጸንቶ አይቆምም ሲሉት፣ እንዲቆምለት አንድ ቁጥር ጨመረባቸው። ቤልጂየማዊው ቄስና የፊዚክስ ሊቅ ጆርጅ ለሜትር ግን በ1927 ዩኒቨርስ እየሰፋ ነው ብሎ ጻፈ። የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ሃብል በ1929 ጋላክሲዎች፣ ማለትም ግዙፍ የከዋክብት ክምችቶች፣ በራቁ ቁጥር ፈጥነው እንደሚሸሹ አሳየ። ለሜትር ቀጠለና ነገሩን ወደ ኋላ ብንመልሰው ሁሉም ከአንድ ጥንታዊ አቶም ይነሳል አለ።

አንቴናውን ደግሞ ሳልነግራቸው አላልፍም። ፔንዚያስና ዊልሰን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች አሜሪካ፣ ኒው ጀርሲ ውስጥ በቀንድ ቅርጽ በተሠራ ትልቅ አንቴና ሲያዳምጡ፣ ከየአቅጣጫው እኩል የሚመጣ ጫጫታ አስቸገራቸው። ርግቦች ጎጆ ሠርተውበት ነበር። ርግቦቹን አባረሩ፣ ኩሱን ጠረጉ። ጫጫታው ንቅንቅ አላለም። በ1965 ምንነቱ ታወቀ። ከዩኒቨርስ ልጅነት የተረፈ ሙቀት ነው። ዛሬ ከፍጹም ዜሮ፣ ከመጨረሻው የቅዝቃዜ ወለል፣ በላይ 2.7 ዲግሪ ገደማ ብቻ ቀርቶታል። እግዚአብሔር ዓለምን እምኀበ አልቦ ኀበ ቦ፣ ካለመኖር ወደ መኖር አመጣው ብለን የተማርን ሰዎች ይህን ሰምተን ዝም እንበል?

ወጣቱ፦ መምህር፣ በታሪኩ አልከራከርዎትም። ለሜትርን ከጠሩት ግን እስከ መጨረሻው ይስሙት። በኅዳር 1951 የሮማው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ በጳጳሳዊው የሳይንስ አካዳሚ ፊት ተናገሩ። ዘመናዊው ሳይንስ ስለ ፍጥረት መጀመሪያ፣ ስለዚያ «ብርሃን ይሁን» ስለተባለበት ቅጽበት፣ ይመሰክራል የሚል ነበር ሐሳባቸው። ለሜትር የአካዳሚው አባል ነው፣ ቄስም ነው። ደስ ሊለው ይገባ ነበር፤ ግን አልተቀበለውም። በሚቀጥለው ዓመት ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ለሥነ ፈለክ ሊቃውንት ሲናገሩ ያንን አልደገሙትም። ለሜትር እስከ መጨረሻው አቋሙ አንድ ነበር፦ ንድፈ ሐሳቡ ከሃይማኖት ጥያቄ ውጭ ነው፤ አማኝም ኢአማኒም ሊቀበለው ይችላል።

ምክንያቱም ግልጽ ነው። ቢግ ባንግ «ከምንም መጣ» አይልም። ከ13.8 ቢሊዮን ዓመት በፊት ዩኒቨርስ እጅግ የጋለና የታመቀ ነበር ነው የሚለው። ከዚያ ወደ ኋላ ስንሄድ እኩልታው ራሱ አይሠራም። የፊዚክስ ሊቃውንቱ ሃርትልና ሆኪንግ በ1983 ጊዜ ጠርዝ የሌለው ሊሆን ይችላል የሚል ሐሳብ አቅርበዋል። ነገ እነሱ ልክ ሆነው ቢገኙ እምነትዎን ይተዋሉ? እንደማይተዉ አውቃለሁ። እንግዲያው እምነትዎ የቆመው በቢግ ባንግ ላይ አይደለም።

አንድ ልጨምር። በየዓመቱ መስከረም 1 ቀን ባሕረ ሐሳቡ ሲታወጅ ዓመተ ዓለም 7500 ማለፉን እንሰማለን። መጀመሪያ የሚለውን ከሳይንስ ወስዶ 13.8 ቢሊዮኑን መተው የሚጥመውን መርጦ መውሰድ ነው።

መምህርቷ፦ 13.8 ቢሊዮኑን ማን ተወው? እኔ ነኝ ለልጆቹ የማስተምረው። ከዚያ ከ7500ው ውስጥ 5500ው ከአዳም እስከ ክርስቶስ ያለው የተስፋ ዘመን ነው። ስለ ሰው መዳን ይናገራል። የኮከብ ዕድሜ አልለካበትም።

አሁን ወደ ካርቦን እንምጣ፤ ለእኔ ከመጀመሪያው ጥያቄ የሚከብደው ይህ ነው። ካርቦን የሚሠራው በኮከብ ሆድ ውስጥ ሦስት የሂሊየም ኒውክለሶች፣ ማለትም የአቶም እምብርቶች፣ ሲጣመሩ ነው። የካርቦን ኒውክለስ ለዚህ የሚመች የኃይል ደረጃ ባይኖረው ኖሮ የሚሠራው ካርቦን እዚህ ግባ የሚባል አይሆንም ነበር። እንግሊዛዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ፍሬድ ሆይል በ1953 ይህ ደረጃ መኖር አለበት አለ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ካልቴክ በተባለው ዩኒቨርሲቲ ፈለጉት፤ 7.65 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ ተገኘ። ሆይል አማኝ አልነበረም። ቢግ ባንግ የሚለውን ስም በ1949 በሬዲዮ ያወጣው እሱ ነው፣ ንድፈ ሐሳቡን ግን አልተቀበለውም። እንዲህ ያለው ሰው እንኳ በካርቦኑ ተገርሟል። የእኔና የአንተ ሥጋ በዚያ ቁጥር ላይ ነው የተንጠለጠለው።

ወጣቱ፦ የተስፋ ዘመን ያሉትን ሰምቻለሁ። አባቶች ግን ዓለም ከተፈጠረ ብለው ነው የቆጠሩት። እንዲህ በቀላሉ አይለፉት።

ካርቦኑ እኔንም ይገርመኛል። ብዙ ዩኒቨርሶች አሉ፣ ካርቦን የሚመቸው አንዱ ለእኛ ደረሰን ብዬ ላመልጥ አልፈልግም፤ አንዳቸውንም ያየ የለም። ግን አንድ ነገር የመሆን ዕድሉ ጠባብ ነው ለማለት፣ ምን ምን ሊሆን ይችል እንደነበር ማወቅ ያስፈልጋል። የምናውቀው አንድ ዩኒቨርስ ብቻ ነው። ደግሞስ ካርቦንን የሠሩት እነዚያው ሕጎች የሕፃን ደም ውስጥ ካንሰር እንዲበቅልም ይፈቅዳሉ። የመጀመሪያውን ለፈጣሪ ምስጋና ካደረግነው ሁለተኛውን ለማን እንስጠው?

መምህርቷ፦ ወንድሜ፣ ለዚያ ሕፃን እናት በካርቦን መልስ አልሰጥም። ብሰጥ ነውር ነው። ከእሷ ጋር እጸልያለሁ እንጂ ስለ ኒውክለስ አላወራላትም።

የጠየቅከኝን ግን ልመልስ። ዩኒቨርስ ጠርዝ የለውም ቢባል እምነቴን አልተውም፣ ልክ ነህ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን የካቶሊኩ የነገረ መለኮት ሊቅ ቶማስ አኵይናስ ዓለም መጀመሪያ እንዳለው በእምነት እንጂ በምርምር አይረጋገጥም ብሏል። ፈጣሪ ግን የግድ አለ አለ። የሱ ጥያቄ መቼ ተጀመረ አልነበረም፤ ባይኖር ይችል የነበረ ነገር ለምን ኖረ የሚል ነው። ሃርትልና ሆኪንግም የኳንተም ሕግ፣ ማለትም የጥቃቅን ነገሮች የፊዚክስ ሕግ፣ አለ ብለው ነው የሚጀምሩት። ሕጉ ለምን ኖረ? ይህ ተገቢ ጥያቄ አይደለም ትላለህ?

ወጣቱ፦ ተገቢ ነው። ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳኝ እሱ ነው። ግን ተገቢ ጥያቄ ሁሉ መልስ ሊኖረው ግድ ነው የሚለውን አልቀበልም። መልስ ቢኖረው እንኳ፣ እናቴ ስትጸልይ የሚሰማት እግዚአብሔር እሱ መሆኑን የሚያሳይ ምንም እኩልታ አላየሁም።

መምህርቷ፦ አታይም። እኔም እሱን ያወቅሁት በእኩልታ አይደለም። ከኮስሞሎጂ፣ ከዩኒቨርስ ጥናት፣ የምፈልገው ጥያቄው ክፍት መሆኑን እንዲያሳየኝ ብቻ ነው፤ ክፍት መሆኑን ደግሞ አሁን አንተም ነገርከኝ።