እርስዎ የተባልን ዕለት

ድሬዳዋ ውስጥ አባትም፣ መምህርም፣ ሐጂም፣ ቄስም «አንተ» ነው። ንቀት አይደለም፤ የከተማው ፍቅር እንዲህ ነው። በዚህ ምክንያት ባለፈው ሰሞን አንድ ሹም ማይክሮፎን ጨብጦ የሰፈራችንን የጉሊት ነጋዴ «እርስዎ፣ እናታችን፣ ሐሳብዎን ይስጡን» ሲላት፣ አጠገቤ የተቀመጠው ጎረቤቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «አለቀልን» አለኝ።

ጎረቤቴ ጨለምተኛ ነው። እኔ ግን የሕዝብ ምክክርን ለማመስገን ተነሥቻለሁ። በገዛ ፈቃዴ የምነሣበት የመጨረሻ ጊዜ ሳይሆን አይቀርም።

ሰዓቱ ይመስገን። ስብሰባው የተጠራው በቀን 8 ሰዓት ነው፤ ድሬ ሱቁን ዘግቶ፣ ሽርጡን አገልድሞ ጋደም በሚልበት ሰዓት። እንዲህ ያለውን ሙቀት አቋርጦ የመጣ ሰው ከልቡ የመጣ ነው። የቀረውም ቢሆን አይናቅም፤ «ተጠርቶ ያልተቃወመ» ተብሎ ይቆጠራል።

ቀጥሎ ግድግዳው ላይ የበራው ሥዕል። ባለ መስታወት ፎቅ፣ በረድፍ የቆመ ዘንባባ፣ በሥሩም ኮት ለብሰው የሚመላለሱ፣ ላብ የማያውቃቸው ሰዎች። ከእኛ መካከል ማንም አልነበረበትም። የጉሊት ነጋዴዋ ለረጅም ጊዜ አተኩራ አየችና «ኒሜ የት አለች?» ብላ ጠየቀች። ሠላሳ ዓመት ቲማቲም የሸጠችበት የኒም ዛፍ ጥላ ነው። ሹሙ አልተቆጣም፤ «አይስጉ፣ ፎቁ ራሱ ጥላ አለው» አላት።

አንድ ወጣት ተነሥቶ «ቦታው ተሸጧል የሚባለው እውነት ነው?» ሲል ግን ሹሙ ከልቡ አዘነ። በኢትዮጵያ መሬት አይሸጥም፤ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 40 አላነበብክም ወይ? አለው። ትክክል ነው። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም፤ በሊዝ ይተላለፋል እንጂ። ባለቤቱ እኛ፣ አስተላላፊው እነሱ፣ ተነሺው ደግሞ እንደገና እኛ። ሥራ እንዲህ ተከፋፍሎ የሚሠራበት አገር የት ይገኛል?

ጎረቤቴ ወረቀት አያጣም። አንቀጽ 43 ዜጎች ኑሯቸውን በሚነካ ፕሮጀክት ላይ ሐሳባቸው የመጠየቅ መብት እንዳላቸው አስታወሰ። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ሲወጣም፣ ባለይዞታው ቦታውን ከማስረከቡ ቢያንስ አንድ ዓመት አስቀድሞ እንዲመከር ያዝዝ እንደነበር አነበበ። «እኛ የምናስረክበው በመጪው ወር ነው፤ አሥራ አንዱ ወር የት ሄደ?» ሹሙ «ጥያቄህን በጥሩ ጎኑ ወስጄዋለሁ» አለው። እንደ ወሰደው ቀረ።

ያለፉት ሰዎች ይህን ሥልጣኔ አላገኙም። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ እዚህ ሲደርስ፣ የከዚራ ሰፈር ጎዳናዎች በማስመሪያ የተሰመሩ ያህል ቀጥ ብለው ሲዘረጉ፣ ለማንም የታሸገ ውኃ አልታደለም። ለእኛ ግን ታድሏል፤ ለዚያውም ቀዝቃዛ። ምስጋናዬን ባሳንስ ውኃው ይፈርድብኛል።

ከሁሉ የማደንቀው ግን በመጨረሻ ከእጅ ወደ እጅ የዞረውን ወረቀት ነው። ስም፣ ፊርማ፣ ስልክ ቁጥር። ከላይ ርእስ አልነበረውም። ውኃ የጠጣ ሁሉ ፈረመ፤ እኔም ፈረምኩ። ከሦስት ቀን በኋላ ያው ወረቀት ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ አየሁት፤ በዚህ ጊዜ ርእስ አብቅሏል፦ «በልማቱ የተስማሙ ነዋሪዎች»። ስሜ አራተኛ ላይ ነው። ፊርማዬ እንደዚያ አምሮብኝ አያውቅም።

ማታ በዜና «ከነዋሪዎች ልዩ ልዩ ጥያቄዎች ተነሥተዋል» ተባለ። ቅደም ተከተሉ ተጠብቋል፤ መጀመሪያ ጥያቄዎቹ፣ ከዚያ ነዋሪዎቹ።

በማግስቱ ማለዳ አንድ ልጅ ቀይ ቀለምና ብሩሽ ይዞ ቤት ለቤት ሲዞር ኒሟ ዘንድ ደረሰ። ነጋዴዋ ከመደቧ ቀና ብላ «አንተ፣ ምን እያደረግክ ነው?» አለችው።

«ቁጥር እየጻፍኩልዎት ነው፣ እናቴ።»

«ይኸውና፣ ይህም እርስዎ አለኝ» አለችና ቲማቲሟን ወደ ዘንቢሏ ትለቅም ጀመር።