ሳይቃጠል በቅጠል፣ ከተቃጠለ በሃይላንድ

በኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው የባንክ ሒሳቡን ባያውቅ እንኳ በጋራው ሮቶ ውስጥ ምን ያህል ውሃ እንደቀረ ያውቃል። የእኛ ሕንፃ ውሃ የሚደርሰው በፈረቃ በመሆኑ፣ ቀጣዩ ፈረቃ እስኪመጣ ድረስ ለእያንዳንዱ አባወራ ስንት ባልዲ እንደሚደርሰው ኮሚቴው ወስኖ ውሳኔውን በደረጃው መግቢያ ላይ ለጥፎታል። ማስታወቂያው ልብስ ስለማጠብ፣ ምንጣፍ ስለማጠብ፣ መኪና ስለማጠብም በዝርዝር ይናገራል፤ መኪና ስለማጠጣት ግን አንድም ቃል የለውም። እንግዲህ ጎረቤቴ ጋሼ በየማለዳው ሁለት ባዶ ሃይላንድ አንጠልጥለው ወደ ሮቶው የሚወርዱት በዚህች የሕግ ክፍተት በኩል ነው።

ስማቸውን ልተወው፤ የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው፤ የእድራችንም ሊቀመንበር ናቸው። መኪናቸው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1980ዎቹ የተሠራች ኮሮላ ዲኤክስ ናት። ኮፈኑን ከፍተው በዱላ ይደግፉታል፤ የራዲያተሩን ክዳን ይነቅላሉ፤ የክዳኑ ላስቲክ ካለቀ ቆይቷልና በፌስታል ተጠቅልሎ ነው የሚገጠመው፤ ውሃውን እስከ አፉ ይሞሉና «ጠገበች» ብለው ይዘጋሉ። ሌላ የሞላ ሃይላንድ ደግሞ ለመንገድ ስንቅ ተብሎ ከኋላ ወንበር ሥር ይጋደማል።

በቀደም ታዲያ አልቻልኩምና ጠየቅኋቸው።

«ጋሼ፣ ትናንት የጨመሩት ውሃ የት ሄደ?»

«ጠጥታው ነዋ! ያረጀች መኪና ውሃ ትወዳለች። አንተ ደግሞ የማትመረምረው ነገር የለም።»

መኪና ግን ውሃ አትጠጣም። የሞተር ማቀዝቀዣ ዝግ ዑደት ነው፤ የውሃ ፖምፓው ፈሳሹን በሞኖብሎኩ፣ ማለትም በሞተሩ ዋና አካል፣ እና ከላዩ በሚከደነው ቴስታታ ውስጥ በተሠሩለት መተላለፊያዎች ያዞረዋል፤ ፈሳሹ የቃጠሎውን ሙቀት ተሸክሞ ማኒኮቶ በሚባለው የጎማ ቱቦ በኩል ወደ ራዲያተር ይወጣል፤ እዚያ በነፋስ ቀዝቅዞ ወደ መጣበት ይመለሳል። ጎደለ ማለት አንድ ቦታ ወጣ ማለት ነው፤ ከተሰነጠቀ ማኒኮቶ፣ ከላላ የቱቦ ማሰሪያ ፋሼታ፣ ከዛገ ራዲያተር፣ ወይም ከፖምፓው ሥር ካለችው ትንሽ ቀዳዳ፤ ይህችን ቀዳዳ ሠሪዎቹ ሆን ብለው የተዉአት የውስጡ ማተሚያ ማለቁን እንድታሳብቅ ነው። እነዚህ ሁሉ ደጅ ላይ ሲንጠባጠቡ ይታያሉ። ከመኪናዋ ሥር ጠብታ ሳይታይ ውሃው በየማለዳው የሚጎድል ከሆነ ግን ወደ ሞተሩ ውስጥ እየገባ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ጉዳዩ ከሃይላንድ አልፎ ወደ ቴስታታ ጓርኒሲዮን፣ በቴስታታውና በሞኖብሎኩ መካከል ወዳለው ስስ ማተሚያ፣ ይሻገራል። ይህን ሁሉ አስረዳኋቸው። በትዕግሥት አዳመጡኝና አንዱን ሃይላንድ እንድይዝላቸው ሰጡኝ።

ከአማርኛ ተረትና ምሳሌዎች ሁሉ «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውን አብልጬ እወዳለሁ። ስለ እሳት አደጋ ከዚህ አጥሮ የተነገረ መመሪያ ሰምቼ አላውቅም፤ እሳቱ ገና ሲጀምር አንዲት እርጥብ ቅጠል ትበቃዋለች፤ ጣሪያው ከተያያዘ በኋላ ግን ቅጠሉ ራሱ ማገዶ ነው። የሚያበሳጨኝ ይህን ተረት ከሰው ሁሉ አብዝተው የሚናገሩት ጋሼ መሆናቸው ነው። ባልና ሚስት ሲጣሉ ከሽማግሌዎቹ መካከል ይቀመጡና ጉሮሯቸውን ጠርገው «ልጆቼ፣ ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ፤ ሙሽሪት ታለቅሳለች፤ ሙሽራው አንገቱን ይደፋል፤ እርቅ ይወርዳል። ከሦስተኛ ፎቅ የሚያፈስ ቱቦ የሁለተኛውን ፎቅ ጣሪያ ባበሰበሰ ጊዜም ባለቤቱን በስብሰባ ላይ የገሠጹት እርሳቸው ናቸው፤ የሚያፈስ ነገር እያየ ዝም የሚል ሰው ጎረቤት ሊባል እንደማይገባው ረጅም ንግግር አድርገዋል። ያን ንግግር ያደረጉት ሃይላንዶቻቸውን ሞልተው ከሮቶው በተመለሱ በሰዓታት ውስጥ ነው። ይህም በቃለ ጉባኤው ይመዝገብልኝ ልል እጄን ሳነሣ ባለቤቴ በዓይኗ አስቀመጠችኝ።

ኩላንት የሚባለውን የማቀዝቀዣ ፈሳሽ ይግዙ ስላቸው የሚመልሱት ያው አገር የሚመልሰውን ነው፤ «እሱ በረዶ ላለበት አገር ነው» ይላሉ። ነገሩ ግማሽ እውነት ስላለው ለክርክር ያስቸግራል። በኩላንት ውስጥ ያለው ግላይኮል ውሃው በረዶ እንዳይሆን ይከላከላል፤ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ራዲያተሩ በረዶ የሆነበት ሰው አላውቅም። ነገር ግን ያው ግላይኮል የመፍያውን ነጥብም ከፍ ያደርጋል፤ አብረውት የተቀላቀሉት ኬሚካሎች ደግሞ ብረቱና አሉሚኒየሙ እንዳይበሉ ይጠብቃሉ። እኛ የምንኖረው ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ነው፤ በዚህ ከፍታ ተራ ውሃ በክፍት ድስት የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው። የብዙ መኪኖች ቴርሞስታት፣ ውሃውን ወደ ራዲያተር የሚያሳልፈው በር፣ የሚከፈተው ከ80 እስከ 90 ዲግሪ ባለው መካከል ስለሆነ፣ ሞተሩ በወጉ ሞቀ በሚባልበት ደረጃና ውሃው በሚፈላበት ደረጃ መካከል እዚህ አገር የቀረው ክፍተት እጅግ ጠባብ ነው። ያን ክፍተት የሚያሰፋው ክዳኑ ነው፤ ጤነኛ የራዲያተር ክዳን በስፕሪንጉ ኃይል ግፊቱን አምቆ የመፍያውን ነጥብ ከ110 ዲግሪ በላይ ያወጣዋል። ፌስታል ይህ ችሎታ የለውም።

ቴርሞስታት ካነሣሁ አይቀር የቆየ ቂሜን ልናገር። ከዓመታት በፊት መኪናዬን ለፍሬን ሸራ ቅየራ ያስገባሁበት አንድ ጋራዥ ውስጥ የነበረ መካኒክ፣ ሳልጠይቀው ቴርሞስታቱን ነቅሎ በጋዜጣ ጠቅልሎ በእጄ ሰጠኝ። «ጌታዬ፣ ይኼ ለፈረንጅ አገር ነው፤ እዚህ ውሃውን ያፍነዋል» አለኝና ጉርሻውን ሊቀበል ፈገግ ብሎ ቆመ። ቴርሞስታት ሞተሩ ቶሎ እንዲሞቅ፣ ከሞቀም በኋላ በልኩ እንዲቆይ የሚያደርግ በር ነው። በሩ ሲነቀል ሞተሩ ቀዝቅዞ ይሠራል፤ ቤንዚን ያባክናል፤ ዕድሜውም ያጥራል። በአንዳንድ ሞተሮች ላይማ ከፊሉ ውሃ ራዲያተሩ ዘንድ ሳይደርስ በአቋራጭ ስለሚመለስ ጭራሽ ሙቀት ይጨምራል። የእውቀቱን ጉድለት ይቅር ልል እችላለሁ፤ ድፍረቱን ግን ዛሬም አልችልም። መሐንዲሶች ለክተው ያስቀመጡትን ዕቃ ለማውጣት መጽሐፍ አላየም፤ ሙቀት አልለካም፤ ባለቤቱን አልጠየቀም። እንዲህ ያለው ሰው ብዙ ነው፤ ችግሩም የሞተር ብቻ አይደለም፤ ቢሮ ውስጥም የማያውቀውን ነገር «ለእኛ አገር አይሆንም» እያለ የሚነቅል አለቃ ገጥሞኛል፤ እሱን ግን ለሌላ ቀን አቆየዋለሁ። ቴርሞስታቱ እስካሁን መሳቢያዬ ውስጥ አለ።

ወደ ጋሼ ልመለስ። በዐቢይ ጾም አጋማሽ አዳማ ለቅሶ ገጠመንና የእድሩ ሰዎች በዲኤክሷ ተሳፍረን ሄድን። ቁልቁለቱን በሰላም ወረድን። አዳማ 1,700 ሜትር አካባቢ ላይ ያለች ከተማ በመሆኗ መመለሻው አብዛኛው ዳገት ነው፤ የፍጥነት መንገዱን ክፍያ ለመቆጠብ ሲባል ደግሞ በአሮጌው መንገድ ከጭነት መኪኖች ኋላ እየተጎተትን ነበር። ሞጆን እንዳለፍን የሙቀት መለኪያው መርፌ መነሣት ጀመረ። ጋሼ ሳይደናገጡ ማሞቂያውን ከፈቱት። ዘዴው ትክክል ነው፤ የመኪና ማሞቂያ ራሱ ትንሽ ራዲያተር ስለሆነ ከሞተሩ ሙቀት ይቀንሳል። ዳሩ ግን በመጋቢት ፀሐይ፣ በጥቁር ኮት፣ መስኮቱ በማይወርድ መኪና ውስጥ ትኩስ ነፋስ ጉልበት ላይ እየነፈሰ ሳይንስን ማድነቅ ከባድ ነው። ከኋላ የተቀመጡት እትዬ ነጠላቸውን እያራገቡ «ሟቹን ልንከተል ነው እንዴ?» አሉ።

ዱከም መግቢያ ላይ እንፋሎቱ ከኮፈኑ ሥር ተግተለተለ። እኛ ከመውረዳችን በፊት ሰው ተሰብስቦ ነበር፤ በዚህ አገር ኮፈኑ የተከፈተ መኪና ሁሉ የሕዝብ ንብረት ነው። «ፋዘር፣ ክዳኑን ክፈቱት፣ ይተንፍስ!» አለ አንዱ፤ ይህን ምክር የሰማ ሰው ፊቱን ይቀቀላል፤ ታምቆ የቆየው ውሃ ግፊቱ ሲለቀቅ በአንድ ጊዜ ፈልቶ ይፈናጠራልና። «ቀዝቃዛ ውሃ ቴስታታው ላይ አፍስሱበት!» አለ ሌላው፤ ይህኛውን የሰማ ደግሞ የጋለውን ቴስታታ ይሰነጥቃል። ሞተሩን አጥፍቶ ክዳኑ በእጅ እስኪነካ ድረስ መጠበቅ ብቻ ነው የሚሻለው፤ ይህን የሚመክር ግን ከመካከላቸው አልተገኘም፤ መጠበቅ ለመካሪ ክብር አያስገኝም። አንድ የባጃጅ ሾፌር ግን ከሁሉም በለጠ። የእንቁላል ነጭ ራዲያተሩ ውስጥ ቢጨመር በሙቀቱ ረግቶ ቀዳዳውን ይደፍነዋል ብሎ፣ እንቁላል ሊገዛ ወደ ሱቅ መንገድ ጀመረ። እትዬ ከመኪናው ሳይወርዱ «በሁዳዴ? ምን አድርጋ ነው የምታስገድፉአት!» ብለው ጮኹ። ዲኤክሷ ጾሟን ሳትፈታ በመዳኗ እኔም ደስ አለኝ፤ የረጋ እንቁላል ቀዳዳውን ከመድፈኑ በፊት የራዲያተሩንና የማሞቂያውን ቀጫጭን ቱቦዎች ይደፍናል። ጓርኒሲዮን ላይ ደግሞ ምንም አቅም የለውም፤ በሲሊንደር ውስጥ ያለው የቃጠሎ ግፊት በአሥሮች በሚቆጠር ባር የሚለካ ነው።

ጋራዥ ስትገባ ምልክቱ ሁሉ ተሟልቶ ነበር። ከጭስ ማውጫው ነጭ ጭስ ይወጣል፤ ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ይንተከተካል፤ የዘይት መሙያው ክዳን ሲነሣ ውሃና ዘይት ተዋህደው ማኪያቶ መስለዋል። ቴስታታው ሲወርድ ጓርኒሲዮኑ በሁለት ሲሊንደሮች መካከል ተበልቶ ተገኘ። ይህ ስስ ዕቃ የቃጠሎውን ጋዝ፣ ዘይቱንና ውሃውን ለየብቻ አቅቦ እንዲይዝ የተቀመጠ ነው፤ ከላዩ ያለው ቴስታታ አሉሚኒየም፣ ከሥሩ ያለው ሞኖብሎክ ጊዛ፣ ቀልጦ የተቀረጸ ብረት፣ ነው፤ አሉሚኒየም ሲሞቅ ከጊዛ እጥፍ ያህል ይለጠጣል፤ ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ቴስታታው ይጎብጥና ጓርኒሲዮኑ መሃል ላይ ይቀራል። በብዙ ትንንሽ ሞተሮች የሚፈቀደው ጉብጠት 0.1 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ቴስታታው ብረት በማሽን ወደሚላግበት ቶርኖ ቤት ሄዶ ፊቱ ተስተካከለ፤ ጓርኒሲዮኑም ከሶማሌ ተራ ተገዛ። የጋራዡ ልጅ ቡሎኖቹን በግምት ሊያጠብቅ ሲል እኔ ከመሃል ወደ ዳር በቅደም ተከተል፣ በመለኪያ ቁልፍ ይጥበቅ ብዬ ድርቅ በማለቴ «የዩኒቨርሲቲ መምህር ናቸው እንዴ?» ብሎ ጋሼን ጠየቃቸው። ጋሼም «አይደለም፣ ጎረቤት ነው» አሉት።

ሒሳቡ ሲነገራቸው ዝም አሉ። መኪናዋን ልሽጥ እንዳይሉ፣ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ አሮጌ ዲኤክስ ከእጅ የምትወጣ ዕቃ አይደለችም። ኤሌክትሪክ የገዛው የአራተኛ ፎቅ ወጣት ከውሃ ጣጣ የተገላገለ ይመስለው ነበር፤ የባትሪው ማቀዝቀዣም ኩላንት እንደሚፈልግ ስነግረው ከልቡ ተቀየመኝ።

ኮሚቴው በመጨረሻ «መኪና ማጠጣት» የሚል አንድ መስመር በማስታወቂያው ላይ ጨምሯል፤ አሁን ግን የሚቀዳ ስለሌለ ማንንም አልከለከለም። ጋሼ አዲስ ክዳን ገዝተዋል፤ ኩላንትም ገዝተዋል። ኩላንቱን ውሾችና ሕፃናት በማይደርሱበት ቦታ እንዲያስቀምጡት፣ ጣፋጭ መርዝ መሆኑን ነግሬአቸው ተቀብለውኛል። ግማሹ ኩላንት፣ ግማሹ ንጹሕ ውሃ እንደሚሆን፣ የቧንቧው ውሃ ማዕድን ስላለበት ቱቦው ውስጥ እንደሚጋገር፣ ለባትሪ የሚሸጠው የተጣራ ውሃ እንደሚሻልም ነገርኳቸው። በማግስቱ አንድ ሳጥን አምቦ ውሃ አሸክመው መጡ።

«ከዚህ የበለጠ ንጹሕ ከየት ይመጣል?» አሉኝ።

አምቦ የሚወደደው ራዲያተር በሚጠላው ነገር፣ በማዕድኑና በጋዙ መሆኑን ለማስረዳት ከሰዓት በኋላው ሙሉ አለቀ። የባትሪውን ውሃ ራሴ ገዝቼ ሞላሁላቸው። አምቦውን በየቤታችን ጠጥተነዋል፤ ባዶ ጠርሙሶቹን ማን ይመልስ፣ የማስያዣውን ገንዘብስ ማን ይውሰድ በሚለው ላይ ግን ገና አልተስማማንም።