የድሮ ግራፊክስ ካርድም ቢሆን ለቪአር ይሆናል

ስለ ቪአር፣ ማለትም መነጽር አድርገህ ውስጡ የገባህ ስለሚመስልህ ጌም፣ በጻፋችሁት ጽሑፍ «ለቪአር አዲስ ካርድ (የኮምፒውተሩን ምስል የሚሰራው ክፍል) ካልገዛችሁ አትሞክሩት» ያላችሁት ላይ በፍፁም አልስማማም። እኔ ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ ትንሽ ጌም ቤት አለኝ፣ ጂቲኤክስ 1060 ባለ 6 ጊጋው የሚባል የድሮ ካርድ ላይ ኩዌስት 2 የተባለውን የቪአር መነጽር በኬብል ሰክቼ ነው የማጫውተው። እርግጥ ስራው ከባድ ነው፣ መነጽሩ ለአንድ አይን ብቻ 1832 በ1920 ፒክስል አለው፣ ሁለቱን ስትደምሩት ከፉል ኤችዲ ስክሪን 3 እጥፍ ያልፋል፣ ያውም በሴኮንድ 90 ጊዜ፣ ማለትም ካርዱ አንዱን ፍሬም (አንዱን ምስል) በ11 ሚሊሰከንድ ካልጨረሰ ምስሉ ይቆራረጥና ልጆቹን ያጥወለውላቸዋል። ስራውን ለማቅለል ግን ምስሉን አሳንሶ አሰርቶ መልሶ የሚያሳድግ ሶፍትዌር አለ፤ የኤንቪዲያው ዲኤልኤስኤስ አርቲኤክስ የሚባሉትን አዳዲስ ካርዶች ይፈልጋል፣ የኤኤምዲ ኤፍኤስአር 1 ግን የኔንም ካርድ ይቀበላል፣ ሪዞሉሽኑን ወደ 77 በመቶ አውርጄ እሱ ሲያሳድገው ሩቅ ያለ ፅሁፍ ትንሽ ይደበዝዛል እንጂ ጌሙ አይቆራረጥም፣ ለኔ ደሞ ከጥራቱ አለመቆራረጡ ይበልጣል። በዚያው ጽሑፋችሁ ፍሬም ጄኔሬሽን የሚባለውን ተጨማሪ ፍሬም የሚፈጥር ዘዴ ለቪአር ማሞገሳችሁ ግን አሳስቦኛል። እሱ የሚቀጥለውን ፍሬም ጠብቆ ነው መሀል ላይ ሌላ የሚሰራው፣ ያ መዘግየት ስክሪን ላይ ብዙም አይታወቅም፣ መነጽር ውስጥ ግን አንገትህን ስታዞር ወዲያው ይሰማሃል። እባካችሁ ይሄን አስተካክሉት፣ ሰው አንብቦ ነው ብሩን የሚያወጣው።