የልጆቹን እጅ ልቀቁ

ያገሬ ሰዎች፣ የደሴም የኮምቦልቻም የወልድያም ወላጆች፣ ዛሬ የምቆጣው እናንተን ነው። ራሴንም ጭምር።

በክረምቱ እረፍት ጎረቤት ተሰባስበን ልጆቻችንን አዲስ አበባ ወስደን ነበር። ሚኒባስ ተከራይተን፣ ዳቦና ቆሎ ቋጥረን፣ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘን። ከሄድንባቸው ቦታዎች አንዱ ልጆች አሻንጉሊት እያነሱ፣ እየፈቱና እየገጠሙ የሚጎበኙት የአሻንጉሊት ሙዚየም ነው። «መንካት ይቻላል» የሚል ጽሑፍ በሩ ላይ በትልቁ ተለጥፏል። እኛ ግን ደጃፉን ሳንሻገር «እጅህን ሰብስብ!» ጀመርን።

አንድ የሰባት ዓመት ልጅ የእንጨት መኪና አነሳ። ገለበጠው። ጎማውን በአውራ ጣቱ አሽከረከረና ወደ ጆሮው አስጠጋው። ሲቆም እንደገና አሽከረከረው። ፊቱ ፍክት ብሎ ነበር። እናቱ መጥታ ነጠቀችው። «ሰብረህ ልታስከፍለኝ ነው?» መኪናውን ወደ ቦታው መለሰች፣ ልጁን አጠገቡ አቆመችና ስልኳን አወጣች። «ሳቅ እንጂ!» ትለዋለች። በምኑ ይሳቅ? አስጎብኚዋ «ይንካው እናቴ፣ ለሱ እኮ ነው የተቀመጠው» ብትላትም አልሰማቻትም። እኔም ቆሜ አየሁ እንጂ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። እስካሁን ይቆጨኛል።

ወገኖቼ፣ ሙዚየም ሁሉ አንድ አይደለም። ሉሲን እንደ ምሳሌ ውሰዱ። በ1967 ዓ.ም. ያኔ በወሎ ሥር በነበረችው ሐዳር የተገኘችው ማለት ነው። ብሔራዊ ሙዚየም ለሕዝብ የሚያሳየው ቅጂዋን ነው፣ ዋናው አጥንት ተጠብቆ ተቀምጧል። የእጅ ላብና ቅባት የጥንት ዕቃን ያበላሻል። እዚያ «አትንኩ» ማለት ተገቢ ነው። አሻንጉሊት ግን ካልነኩት ምኑ ይታያል? አሜሪካ ብሩክሊን ውስጥ የልጆች ሙዚየም የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1899 ነው። ለልጅ ዕቃን በመስታወት ቆልፎ ማሳየት እንደማይበቃ የገባቸው ሰዎች ከመቶ ዓመት በላይ ቀድመውናል።

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» እንላለን። ላይበቃ ይችላል። ማቡካት ግን የሚለመደው እጅን ሊጥ ውስጥ ከትቶ ነው።

ጥድፊያችንስ? በአንድ ቀን አንድነት ፓርክ፣ እንጦጦ፣ ሙዚየም፣ ከዚያ መርካቶ። ለአሻንጉሊቱ ሃያ ደቂቃ ሰጠን፣ ለመርካቶ ግማሽ ቀን። መርካቶን ለብቻችሁ ሂዱበት። ልጅ ይዛችሁ ስትወጡ አንድ ቦታ ይበቃል፣ እስኪጠግብ ይጫወት። ደግሞም ዳር ቁማችሁ አትጠብቁ፣ አብራችሁት ቁጭ በሉ።

የሚያንገበግበኝ ሌላም አለ። በደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ ቤት የነበረው የደሴ ሙዚየም በ2014ቱ ጦርነት ሲዘረፍ ሁላችንም አልቅሰናል። የልጅነት መጫወቻችንን ግን ሌላ ዘራፊ አልነካውም። እኛው ነን የምንጥለው። የጭቃው በሬ፣ የካልሲው ኳስ፣ ከጨርቅ የተሰፋችው አሻንጉሊት የት አሉ? የሽቦ መኪናውስ? ሽቦውን በድንጋይ ቀጥቅጠን አቃንተን፣ ከአሮጌ ነጠላ ጫማ ጎማ ቆርጠን፣ ረጅም መሪ ገጥመን እዚሁ ደሴ ከሰኞ ገበያ እስከ ፒያሳ የነዳነው? ኢስታንቡል ውስጥ ሱናይ አኪን የሚባል ገጣሚ ከየሀገሩ የሰበሰባቸውን አሻንጉሊቶች ይዞ እ.ኤ.አ. በ2005 ሙዚየም ከፍቷል። የሰው ልጅ የሰውን አገር መጫወቻ ሳይቀር ለቅሞ ያስቀምጣል። እኛ የራሳችንን «ቆሻሻ ነው፣ አውጣልኝ» እንላለን። እናቶች፣ ልጃችሁ ከጭቃ የሠራውን ከመጣላችሁ በፊት ምን እንደሆነ ጠይቁት። አያቶች፣ ቅልብልቦሹን እናንተው አስጀምሯቸው፣ አምስት ጠጠር ነው የሚፈልገው። ትምህርት ቤቶችም አንድ መደርደሪያ አያጡም። ልጆቹና ወላጆቹ የሠሩትን ይደርድሩበት፣ ቁልፍ ግን አይግባበት።

ስንመለስ ደብረ ሲና ላይ ልጄ «የእንጨቷ መኪና ጎማ ለምን አይወልቅም?» አለችኝ። በአፍ ማስረዳት አቃተኝ። ደሴ ገብተን ባደርን ማግስት ሽቦና አሮጌ ነጠላ ጫማ ፈልገን በረንዳው ላይ ቁጭ አልን። ሦስቱን ጎማ እሷ ቆርጣለች። አንዱ ጠማማ ነው፣ እንዳለ ይሁን ብላለች። መሪው ይቀረናል።