ባች የሌለው ኮሌጅ

አገር ቤት እያለሁ የአሜሪካ ኮሌጅ ማለት ለኔ ፊልም ላይ ያየሁት ነበር፦ ሰፊ ሣር፣ ሣሩ ላይ ላፕቶፕ ከፍተው የተጋደሙ ወጣቶች። የደረሰኝ ግን ኮሙዩኒቲ ኮሌጅ ነው። ሰሜን ቨርጂኒያ ያለው ሐበሻ ኖቫ፣ ሜሪላንድ ያለው ሞንጎመሪ እያለ የሚሄድበት ዓይነት፤ 60 ክሬዲት ያህል ተምረህ ወደ ትልቁ ዩኒቨርሲቲ የምትሻገርበት። ዶርም የለውም። ያለው ፓርኪንግ ነው። በሐበሻ አቆጣጠር ማታ 12 ሰዓት ሲሆን መኪናው ተግተልትሎ ይገባል፣ 3 ሰዓት ሲሆን ያው መኪና ተግተልትሎ ይወጣል። በመሃል ትምህርት አለ።

ትምህርቱ ጥሩ ነው፤ ይህን አስቀድሜ ልበል። በሒሳብ ክፍላችን ከፊት ወንበር የማይጠፉ አንድ ጋሼ አሉ። ቀን ሆቴል ይሠራሉ፣ ቅዳሜና እሁድ ኡበር ይነዳሉ። መምህሩ የልጃቸው እኩያ ነው። የመጀመሪያው ቀን «በስሜ ጥሩኝ፣ ዶክተር ምናምን አያስፈልግም» ብሎናል፤ እኛም እንደምንም ለመድነው። ጋሼ ግን አልሆነላቸውም። ጥያቄ ሲኖራቸው ከወንበራቸው ግማሽ ይነሣሉ፣ «ሰር» ይላሉ፣ ይጠይቃሉ፣ ይቀመጣሉ። ልጁ መጀመሪያ ግር ይለው ነበር። አሁን እሳቸው እጅ ሲያወጡ እሱም የያዘውን አስቀምጦ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ከክፍል ስንወጣ «ልጄ፣ ይቺን ኤክስ ከየት አመጣሻት?» ይሉኛል፤ አንድ ጥግ ቆመን እናየዋለን። እንደዚህ የምንረዳዳው ግን እኔና እሳቸው ብቻ ነን።

መጀመሪያ ስለ ግሬድ ላውራ። እዚህ በመጀመሪያው ቀን ሲላበስ ይሰጥሃል። ፈተናው መቼ እንደሆነ፣ የቤት ሥራ ስንት በመቶ እንደሚይዝ፣ አርፍዶ ያስረከበ ስንት እንደሚቆረጥበት፣ መምህሩ ቢሮው የሚገኝበት ሰዓት ሳይቀር እዚያ ላይ አለ። እኔ በወሰድኳቸው ኮርሶች ከ90 በላይ ያመጣ ኤ ነው፤ ክፍሉ በሙሉ ቢያመጣ ክፍሉ በሙሉ ኤ ነው። እኔ አገር ቤት በነበርኩበት ዲፓርትመንት ግን ብዙው መምህር የሚሠራው በስኬል ነበር። የፈተናው ቀን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተሰርዞ ተደልዞ ይለጠፋል፣ ግሬዱ ደግሞ የክፍሉ አማካይ እየታየ ይቆረጣል። ሌላው ሲወድቅ አንተ ከፍ ትላለህ። ቸካይ የበዛበት ክፍል የደረሰው ወዮለት።

በዚህ ስሌት ቢሆን እዚያ መሸሻሸግ፣ እዚህ መረዳዳት ነበረበት። ያየሁት ግልባጩን ነው። ከኛ ዶርም ትይዩ የክፍሉ ቀዳሚ የሆነች ልጅ ነበረች፤ ፈተና ሲደርስ ኮሪደሩ ላይ ትራስ አንጥፋ እስከ እኩለ ሌሊት ፍሉይድ ሜካኒክስ ታስረዳን ነበር። ያስረዳቻት ሁሉ አማካዩን ከፍ እንደምታደርግባት አሳምራ ታውቃለች። ከግቢው በር ማዶ ባለችው ፎቶ ኮፒ ቤት ደግሞ ስሟን ያላወቅናት፣ ከኛ ሁለት ባች የምትቀድም ልጅ የእጅ ጽሑፍ ይሸጥ ነበር፤ የዚያች ልጅ ሾርት ኖት ስንቱን ከዋርኒንግ እንዳወጣ። እዚህ በዚህ ሴሚስተር አጠገቤ የምትቀመጠውን ልጅ ሥራ ይዞኝ የቀረሁበትን ቀን ኖት ብጠይቃት «ለፕሮፌሰሩ ኢሜይል አድርጊለት» ብላ ፈገግ አለችና ወደ መኪናዋ ሮጠች። ለኔ ብታሳየኝ ከሷ ግሬድ ግማሽ ነጥብ አይጎድልም ነበር።

ክፉ ሆና አይደለም። ሺፍቷ ደርሶባት ነው። ነገሩ ያለው አሠራሩ ላይ ይመስለኛል። አገር ቤት አንድ ሴክሽን ተመድበህ ትገባለህ፤ ያው ሰዎች ያንኑ ኮርስ፣ ባንድ ክፍል፣ ሴሚስተር በሴሚስተር ላይ እየወሰዳችሁ ትሄዳላችሁ። ማን በየትኛው ኮርስ እንደሚንገዳገድ፣ የማን ቤት ገንዘብ ሳይልክ እንደቀረ፣ ማን ካፌው አልስማማ ብሎት ነን ካፌ እንደሆነ ሁሉ ሰው ያውቃል። እዚህ እያንዳንዱ ተማሪ እንደ ሥራ ሰዓቱ ለየብቻው ይመዘገባል። የሰኞ ክፍሌና የረቡዕ ክፍሌ አንድ የሚገናኝ ሰው የለበትም። ሁላችንም አንድ ኮሌጅ ውስጥ ነን፣ ባች ግን አይደለንም።

አገር ቤቱን እያሳመርኩ እንዳይመስል። ውኃ ጠፍቶ በጀሪካን ስንቀዳ የሚያልፍ ሳምንት ነበር። በ2012 ዓ.ም. በፀጥታ ምክንያት ትምህርት ሲቋረጥ ያ «ሁሉ ሰው ያውቅሃል» ያልኩት ነገር ሌላ መልክ ነበረው፤ ማን የየት አገር ልጅ እንደሆነም ሁሉ ሰው ያውቅ ነበርና አልጋ የቀየሩ፣ ዶርም የቀየሩ አይተናል። በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ኮሮና መጣና ሁላችንም ሻንጣችንን ይዘን ወደየቤታችን ገባን።

ስለ ክፍል ውስጡ ከሆነ ግን ልዩነቱ ሰፊ ነው። የኛ ባች የፍሬሽማን ፕሮግራም እንደ አዲስ ሲጀመር የገባ ነው፤ ሎጂክና ክሪቲካል ቲንኪንግ የሚባል ኮርስ ወስደናል። የፋላሲዎቹን፣ ማለት የተሳሳተ አመክንዮ ዓይነቶችን፣ ስም ከነምሳሌያቸው ሸምድደን ኤ ያመጣን ሰዎች ነን። ክሪቲካል ቲንኪንግን ሸምድዶ! ኮርሱ ላይ ችግር አልነበረም፤ ፈተናው «ዘርዝር» ስለሚል እኛም ዘረዘርን። እዚህ የእንግሊዝኛ ድርሰት መምህሬ የመጀመሪያውን ወረቀቴን ስትመልስልኝ ሰዋስው ላይ ብዙም አልነካችኝም። ጠርዙ ላይ ሦስት ቦታ ያንኑ ጥያቄ ጻፈችልኝ፦ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ያን ሳነብ የተሰማኝ ንዴት ነው። ምን ልበል? እኔ ማን ነኝና? አሁን ግን ያ ጥያቄ ባይኖር ኮሌጁ ምን ይጠቅመኝ ነበር እላለሁ። ክፍል ውስጥ እጄን አውጥቼ «በዚህ አልስማማም» ማለት የቻልኩት እሷ ጋ ነው፤ መምህርን፣ ያውም ፊት ለፊት። እናቴ ብትሰማ ባለጌ ሆነች ትላለች።

ታናሽ ወንድሜ በቴሌግራም በድምፅ ከሚጠይቀኝ ሁሉ «እዚያ ስንት በመቶ ያልፋል?» የሚለውን አይረሳም። አይፈረድበትም። የ12ኛ ክፍል ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ ተማሪው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብቶ የተፈተነበት የ2014 ባች ነው፤ ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጣው ከተፈታኙ 3.3 በመቶ ብቻ የሆነበት። እሱ በሬሚዲያል፣ ማለፊያው ላልሞላለት በሚሰጠው ማካካሻ ትምህርት፣ ገባ፤ መጨረሻ ላይ ደግሞ የመውጫ ፈተና ይጠብቀዋል። እዚህ የመግቢያ ፈተና የለም፤ የሁለተኛ ደረጃ ወረቀት ያለው ይመዘገባል ስለው ገነት የነገርኩት ነው የመሰለው። ያላመነኝ ቀጥዬ የነገርኩትን ነው። ሴሚስተሩ ሲጋመስ ወንበሩ ባዶ ይሆናል። አገር ቤት ወንፊቱ በሩ ላይ ነው፣ ውጤቱ በቴሌቪዥን ይነገራል፣ አገር ይንጫጫል። እዚህ የሚቀረው ሰው መኪናው ተበላሽቶ፣ ልጁን የሚይዝለት ጠፍቶ፣ አለቃው ሺፍቱን ቀይሮበት ነው የሚቀረው፤ መቅረቱንም ማንም አያወራም። ፔል ግራንት የሚባለው የመንግሥት ድጎማ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2024-25 የትምህርት ዘመን ጣሪያው 7,395 ዶላር ነበር፣ የማይመለስ። የኮሙዩኒቲ ኮሌጅ ክፍያ በደንብ ይሸፍናል። እዚህ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ የቤት ኪራይ ላይ ሲደርስ ግን የጥቂት ወር ነገር ነው፣ ስለዚህ ሁሉም ይሠራል። ወንድሜ ካፌው አልጥም ቢለውም ሰዓት አለው፤ ተምሮ ሲጨርስ ነው በኮስት ሼሪንግ ከደሞዙ እየተቆረጠ የሚከፍለው።

ወደ ምርጫ ልምጣ። አገር ቤት የመስኖ ምህንድስና የገባሁት ከሞላሁት ቅጽ መጨረሻው ላይ ስለነበረ ነው፤ ነጥቤና ኮታው ተስማምተው ወሰኑልኝ። እዚህ የፈለግሽውን አጥኚ ተባልኩ። የፈለግሽውን ያለው ኮሌጁ ነው። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ግቢው ላይ የሚጠይቀኝ ሰው ግን መልሱን ይዞ ነው የሚመጣው፦ ነርሲንግ፣ ወይ ሳይበር ሴኩሪቲ። ስታቲስቲክስ ስል «እሱ ደግሞ ስንት ይከፈለዋል?» ይሉኛል።

ስታቲስቲክስ የገባብኝ በኮሮና ጊዜ ቤት ተቀምጬ ነው። ዶክተር ሊያ ታደሰ የጤና ሚኒስትር ሆነው የዕለቱን የምርመራ ቁጥር ያወጡ ነበር፤ ይህን ያህል ሰው ተመረመረ፣ ይህን ያህሉ ተገኘበት። ቤተሰቡ የሞተውን ቁጥር ሰምቶ ያማትባል፣ እኔ ደብተር ላይ የተገኘበትን ለተመረመረው እያካፈልኩ መቶኛውን አወጣለሁ። ቁጥሩ ጨመረ ሲባል በሽታው ነው የጨመረው ወይስ ምርመራው? ያኔ የሚያስረዳኝ አጣሁ። አሁን እያንዳንዷን ጥያቄ በስሟ የሚያውቃት ትምህርት እንዳለ አየሁ። ወደ ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ተሻግሬ ይህን ከሕዝብ ጤና ጋር አያይዤ መማር ነው የምፈልገው፤ ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ለአገሬ የጤና መረጃ መሥራት።

አክስቴ በዚህ አትስማማም፤ ንግግሯም ባዶ አይደለም። እሷ መጥታ የጀመረችው አረጋውያን በማጠብ ነው፣ ከዚያ ነርስ ሆነች፣ እኔን ጨምሮ ስንቱን ያሳለፈው የሷ የሌሊት ሺፍት ነው። «በ2025 ስንቱ የመንግሥት ሠራተኛ ከነዲግሪው ቤቱ ሲገባ አላየሽም እንዴ? ነርስን ማን ያባርራታል?» ትለኛለች። አይቻለሁ። እዚህ ዋሽንግተን ዙሪያ ያላየ የለም፤ ከተቀነሱት ውስጥ የጤና መረጃ የሚሠሩትም ነበሩበት። የኔ መልስ ፍላጎት ነው፣ የሷ መልስ ኪራይ ነው፤ እንዲህ ያለውን ክርክር ማሸነፍ ከባድ ነው።

በቀደም ለመጪው ሴሚስተር ስመዘገብ አጠገቤ ተቀምጣ ስክሪኑን ታያለች። ስታቲስቲክስ ሁለትን አስገባሁ፣ ዝም አለች። ካልኩለስ አስገባሁ፣ ዝም አለች። አናቶሚ ሳስገባ «ጎሽ!» ብላ ተነሥታ ቡና ልታፈላ ሄደች። አናቶሚ አራት ክሬዲት ነው፤ የሳይንስ ግዴታዬን ይሞላልኛል፣ ስሻገርም ይቆጠርልኛል። ይህን አልነገርኳትም።