ከኋላ የተቀመጠችውን የሚጠይቅ ጠፋ

እስቲ ፍረዱኝ። ከሞተርሳይክል ኋላ ለሚቀመጥ ሰው የክንድ ማሳረፊያ ልግዛ ብላችሁ ብትወጡ ስለ ክንዳችሁ የሚጠይቃችሁ ሰው ታገኛላችሁ? አታገኙም! «ሞተሩ የስንት ዓመተ ምሕረት ነው? ባለ ሳጥኑ ነው ሳጥን የሌለው? ቀለሙስ?» በቃ፣ አለቀ። ክርኔ የት ድረስ እንደሚወርድ፣ ስወጣና ስወርድ እግሬን በየት በኩል እንደማሻግር የጠየቀኝ አንድም ነፍስ የለም። ሱቅ ሄደን ሻጩ እኔን ዘሎ ባሌን ነው የሚያናግረው። «ይመቻታል» ይለዋል። እኔ እዚያው አጠገባቸው ቆሜ!

ገና ሳልጨርስ «መኪና ግዙ» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። መኪና አለን። እናቴም በደወለች ቁጥር ይህንኑ ስለምትለኝ የእሷ ይበቃኛል።

ሞተሩ ጎልድ ዊንግ ነው፤ ለረጅም መንገድ የተሠራ፣ ከኋላው ትልቅ ሳጥንና የጀርባ መደገፊያ ያለው። ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ2018 ከሥሩ አዲስ አድርጎ አወጣው። በ2021 ደግሞ የኋላውን የጀርባ መደገፊያ ከ17 ዲግሪ ወደ 24.5 ዲግሪ አጋደለው፤ ሳጥኑንም ከ50 ሊትር ወደ 61 አሳደገው። እግዜር ይስጣቸው፣ ስለ ጀርባዬ ያሰበ አለ ማለት ነው። የክንድ ማሳረፊያው ግን ለብቻው የሚገዛ ተጨማሪ ዕቃ ነው፤ የኔም ጣጣ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

«ደግሞ የክንድ ማሳረፊያ ምን ይሠራል?» ላላችሁ፣ የሚነዳው ሰው መሪ ይዟል። ከኋላ ያለሽው እጅሽን ጭንሽ ላይ ጥለሽ፣ ሁለቱ ክንዶችሽ ትከሻሽ ላይ ተንጠልጥለው ነው የምትሄጂው። አጭር መንገድ ከሆነ ምንም አይደል። ቨርጂኒያ ውስጥ ስካይላይን ድራይቭ የሚባለው የተራራ መንገድ ላይ ሞክሪውና ንገሪኝ። ከፍሮንት ሮያል እስከ ሮክፊሽ ጋፕ 105 ማይል ነው፤ በሰዓት ከ35 ማይል በላይ መንዳት ስለማይፈቀድ የትም ሳይቆሙ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። መንገዱ ደግሞ ጠመዝማዛ ነው። ኩርባ በመጣ ቁጥር ሰውነትሽ ወደ ጎን ሲሄድ የሚመልሰው አንገትሽና ትከሻሽ ነው። ፍሬን ሲያዝ ደግሞ ወደ ፊት። እሱ ፊት ሆኖ ያፏጫል። መመልከቻው ጋ ሲያቆም «ሸለቆውን እይው እስቲ!» ይለኛል። አንገቴ አልዞር ብሎኝ የዚያን አገር ሸለቆ ግማሹን ብቻ ነው የማውቀው።

መጀመሪያ የመጣልን ዕቃ «ለሁሉም ሞተር ይገጥማል» የተባለ ነበር። ካርቶኑን ስንከፍተው ሁለት ማሳረፊያ፣ በላስቲክ የተቋጠረ ብሎንና ሮንዴላ፣ አንዲት ወረቀት። ወረቀቷ «ሳጥኑን በዚህ በኩል ብሱ» ትላለች። ባሌ መብሻውን ይዞ ቆመ። ዝናብ ቢገባስ? ስንሸጠው ቀዳዳው ቢታይስ? ሲያስብ ዋለ። ስለ ፕላስቲክ ሳጥኑ የተጨነቀውን ያህል... ተዉት፣ አልጨርሰውም።

ቀጥሎ የመጣው መብሳት አይፈልግም፤ ግን ከ2001 እስከ 2017 ለነበረው ሞተር የተሠራ ሆኖ ተገኘ። ማስታወቂያው ላይ በትልቁ «ለጎልድ ዊንግ» ይላል፤ ዓመቱ ታች በዓይን በማይለይ ፊደል ነው የተጻፈው።

አሁን ያለው ገጥሟል። ሞተሩ ላይ ማለቴ ነው። ለእኔ ከፍ ብሎብኛል፤ ዝቅ ላድርገው ብል ደግሞ የሚስተካከልበት የለውም። ክንዴን ሳሳርፍበት ትከሻዬ ጆሮዬ ሥር ይደርሳል፤ ዝናብ የመታት ዶሮ መስዬ ነው የምሄደው። ለመውጣትና ለመውረድ ወደ ላይ ይታጠፋል፣ እሱስ ደግ። ነገር ግን ማጠፊያው ላይ ያለችው ብሎን ጭንቅላቷ ወደ ውስጥ ወጣ ብሏል፤ ልወርድ ስል የጃኬቴን እጅጌ ትይዘኛለች። አንድ እግሬ መርገጫው ላይ፣ አንዱ አየር ላይ፣ እጅጌዬ ተይዞ፣ ነዳጅ ማደያ ውስጥ፣ ሰው እያየኝ። መሸፈኛው ጥቁር ሌዘር መሆኑን ደግሞ በሐምሌ ፀሐይ ቆሞ የዋለ ሞተር ላይ እጅጌ ሰብስባችሁ ስትቀመጡ ታውቁታላችሁ።

«አስተያየት አንብበሽ ግዢ» አትበሉኝ፣ አንብቤያለሁ። አምስት ኮከብ! «ባለቤቴ በጣም ወዳዋለች!» የታለች ሴትዮዋ? እሷ የምትጽፍበት ጣት የላትም? ፎቶው ሁሉ ጋራዥ ውስጥ የቆመ፣ ተወልውሎ የሚያብረቀርቅ፣ ማንም ያልተቀመጠበት ሞተር ነው። አንዱማ አምስት ኮከብ የሰጠው ቶሎ ስለተገጠመለት ነው።

እኔ የምፈልገው ብዙ አይደለም። ከወንበሩ እስከ ማሳረፊያው ከፍታው ስንት ነው? በሁለቱ መካከል ያለው ስፋትስ? ከፍ ዝቅ ይላል? ይታጠፋል? ይኼንን መጻፍ ምን ይከብዳል? የራሴን ለክቻለሁ፤ ሞተሩ ላይ ተቀምጬ (ቤት ወንበር ላይ አይሆንም፣ የሞተሩ ስፖንጅ በክብደት ይሰምጣል)፣ ጀርባዬን ደገፍ አድርጌ፣ ትከሻዬን ለቅቄ፣ ክርኔን አጥፌ፣ በልብስ ሰፊ ሜትር ከወንበሩ እስከ ክርኔ ሥር። የክረምቱን ጃኬትም ለብሼ ለካሁ፤ እሱን ስለብስ ወገቤም ክንዴም ይወፍራልና ያለ ጃኬት የተመቸ ማሳረፊያ በብርድ ቀን ከሁለቱም ጎን ይጨምቃል። ይህን ሁሉ ጽፌ ለሻጩ ላክሁ። መልሱ ምን ቢሆን ጥሩ ነው?

«እባክዎ የሞተሩን ዓመተ ምሕረት ይላኩልን።»

ስለዚህ ዲሲ፣ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ ያላችሁ ወገኖቼ፣ ከ2018 ወዲህ የተሠራ ባለ ሳጥኑ ጎልድ ዊንግ ያለው፣ ከፍ ዝቅ የሚል የክንድ ማሳረፊያ የገጠመ ሰው ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። ጃኬቴን ለብሼ፣ ሜትሬን ይዤ መጥቼ አንድ ጊዜ ልቀመጥበት። ቡናው በእኔ ነው። ከተቻለ ደግሞ ባለቤትህ ትጻፍልኝ፣ አንተ አይደለህም።