ስኮርፒዮን በአቼ፦ የገዢ ቃል በቂ ዋስትና አይደለም

አንድ ጸሐፊ የብሪታንያ ብረት ለበስ ተሽከርካሪዎች ወደ ውጭ የሚሸጡት በጥብቅ የመንግሥት ፈቃድ ስለሆነ ገዢዎች በገዛ ሕዝባቸው ላይ ያዘምቷቸዋል የሚለው ሥጋት የተጋነነ ነው ማለታቸውን በአክብሮት እቃወማለሁ። የብሪታንያዋ ኮቨንትሪ ከተማው አልቪስ ኩባንያ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ስኮርፒዮን የተባሉትን ቀላል ታንኮች ለኢንዶኔዥያ ሲሸጥ ፈቃዱ በእጁ ነበር፤ የጃካርታ መንግሥትም ከብሪታንያ የገዛውን መሣሪያ በገዛ ሕዝቡ ላይ እንደማያዘምት ቃል ገብቶ ነበር። ይሁን እንጂ በ2003 በኢንዶኔዥያዋ የአቼ ግዛት ወታደራዊ አገዛዝ ታውጆ ለመገንጠል በሚዋጉት አማፅያን ላይ ዘመቻ ሲከፈት እነዚያው ታንኮች ከዘማቹ ጦር ጋር ተሰልፈው ታዩ። ስኮርፒዮን ክብደቱ ከስምንት ቶን ብዙም የማይርቅ፣ መድፍ ተሸክሞ ከባድ ታንክ በማይደፍረው ጠባብ መንገድና ለስላሳ መሬት የሚያልፍ ተሽከርካሪ ነው፤ እንዲህ ያለ መሣሪያ ለመንደር ውስጥ ዘመቻ እንደሚመች ሻጩም ሆነ ፈቃድ ሰጪው ሊስቱት አይችሉም ነበር።

አልቪስ በ2004 ለብሪታንያው የጦር መሣሪያ አምራች ለቢኤኢ ሲስተምስ ተሸጦ የባለቤቱ ስም ተለወጠ፤ ታንኮቹ ግን እዚያው ኢንዶኔዥያ ቀሩ። ፈቃድ ሲሰጥ ዋናው ምዘና የሚካሄደው ዕቃው ከመጫኑ በፊት መሆኑ ከሁሉ ይልቅ ያሳስበኛል። የፋብሪካ ሠራተኞች እንጀራ ቀላል ጉዳይ እንዳልሆነ አምናለሁ፤ ነገር ግን ገዢው ቃሉን ባጠፈ ጊዜ የመለዋወጫና የጥገና አገልግሎት ወዲያውኑ እንዲቋረጥ የሚያስገድድ አንቀጽ በሽያጭ ውሉ ውስጥ ሊገባ ይገባል።